ፍሪሲዮን የሌለው ፒካፕ

በአምቦ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ብቻውን ሄዶ አይገዛም፤ አዋቂ ይዞ ነው የሚሄደው። አዋቂው ደግሞ አባቴ ነበር። ዕድሜውን በሙሉ የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሾፌር ስለሆነ፣ ከጉደር እስከ ጊንጪ ፒካፕ ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። አባቴ ሞተሩን ያስነሳና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ካምቢዮውን በመዳፉ ይዞ ንዝረቱን ይለካል፤ ጎንበስ ብሎ ከሥር ዘይት የሚያንጠባጥብ መሆን አለመሆኑን ያያል። ከዚያ ይፈርዳል።

ፍርዱ ግን በአደባባይ የሚነገር አልነበረም። የሰው ንብረት በባለቤቱ ፊት አይነቀፍም ብሎ ያምናል። መኪናው ደህና ከሆነ ኮፈኑን ቸብ ቸብ ያደርግና ሻጩን ስለ ልጆቹ ጤንነት ይጠይቀዋል። ደህና ካልሆነ ወደ ገዢው ዞር ብሎ «እስኪ ጸልይበት» ይላል። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ በጸሎት የሚቀየም ሻጭ ደግሞ የለም። ከተማው ግን «ጸልይበት» የተባለ መኪና ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። አንድ የኦርቶዶክስ ጎረቤታችን መኪናው አምሮት አላስችል ቢለው፣ «ኦቦ፣ እኔ እንኳ ጾም ላይ ነኝ፤ ጸሎቱን ትቼ ብገዛውስ?» ብሎት ነበር። አባቴ ፈገግ እንኳ ሳይል «ከገዛኸውማ ጾሙ ይረዝምብሃል» አለው።

አባቴ ስኳር ነበረበት። አንድ ጊዜ ጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ግራ እግሩን አቆሰለችው፤ ቁስሉ አልድን አለ፤ አዲስ አበባ ወሰድነው፤ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። መኪና ለማይነዳ ሰው ልንገር፦ ቀኝ እግር ነዳጅና ፍሬን ይረግጣል፤ ግራ እግር ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ፍሪሲዮን ይረግጣል። ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ማርሽ አይገባም። ስለዚህ ሐኪሞቹ እግሩን ብቻ አይደለም የቆረጡት። ይህ እኔን የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኛ በሕይወት ተረፈልን ብለን ቤተ ክርስቲያን ምስጋና ስናቀርብ፣ እሱ ክራንቹን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያም በኋላ ሰዎች መኪና ለማስመረጥ ይወስዱት ነበር፤ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጣል። «ሾፌር ነበሩ አይደል?» ያለውን ሁሉ «ሾፌር ነኝ» ብሎ ያርመዋል። መንጃ ፈቃዱን ከደረት ኪሱ አውጥቶት አያውቅም። ጊዜው አልፎበት ይሁን አይሁን የጠየቀው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ቤታችን ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። አባቴ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ እኔ ከእህል መደብሬ ውስጥ ሆኜ አየዋለሁ። የጭነት መኪና ከታች እያጓራ ይመጣና እኛ በር አካባቢ ሲደርስ ማርሽ ይቀይራል። ያን ጊዜ የአባቴ ግራ ጉልበት ትንሽ ብድግ ይልና ተመልሶ ዝቅ ይላል። ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ የተያዘው የሱሪው ጫፍ አብሮ ይነሣል። እሱ የሚያውቀው አይመስለኝም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ጤፍ የምትገዛ ሴት ፊቴ ቆማ ነበር፤ ሚዛኑን ትቼ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ሴትዮዋ በሚዛኑ ላታልላት አስቤ የተደበቅሁ መስሏት ስትጮህ ነው የወጣሁት።

ሚሊኒየሙ አልፎ አምቦ በባጃጅ በተጥለቀለቀችባቸው ዓመታት ነው እኔ ፒካፕ ልግዛ ያልኩት። ከጊንጪና ከደንዲ ገበሬዎች ጤፍና ስንዴ እየገዛሁ አምቦ አመጣለሁ። የሰው መኪና እየተለማመጡ መነገድ አንጀቴን አሳርሮት ነበር። ባለመኪናው ሲያሻው ይመጣል፣ ሳያሻው ስልኩን ያጠፋል፤ እኔ እህል ተቆልሎ ደመና እያየሁ መንገድ ዳር እቆማለሁ። ትዕግሥት የለኝም፤ እናቴ በሕይወት ሳለች «አንቺን ያገባ ሰው ገነት በቀጥታ ነው የሚገባው» ትለኝ ነበር። ባሌ ይህን አባባል እስከ ዛሬ ይወደዋል።

ለሽያጭ የቀረቡ ሁለት ፒካፖች ተገኙ። አንዱ ጊንጪ ነው፤ የአንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት መኪና። ሲንግል ካፕ ነው፤ ጋቢናው ከሾፌሩ ጋር ሁለት ሰው ቢይዝ ነው፣ የኋላ መጫኛው ግን ረጅም ነው። ማንዋል፤ መስኮቱ በእጅ እየተዘወረ የሚወርድ፤ ሬዲዮ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ቀዳዳ ያለው። ደላላው «ባዶ ነው፣ ግን በሬ ነው» አለን። ሁለተኛው እዚሁ አምቦ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ ሊዘጋ የደረሰ የአንድ ፕሮጀክት መኪና። ደብል ካፕ፤ ጋቢናው ሁለት ረድፍ ወንበር አለው፣ መጫኛው ግን አጭር ነው፤ ደላላው እንደሚለው «ፉል»። መስኮቱ ቁልፍ ሲጫኑ ይወርዳል፣ ሬዲዮ አለው፣ ወንበሩ እንደ ሶፋ ይሰምጣል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው፤ ማርሹን ራሱ ይቀይራል፣ ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለውም። ማንም ስላልፈለገው ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆሞ ከርሟል። ልናየው ስንሄድ መጫኛው ላይ ዶሮ ታቅፋ አገኘናት።

በእኛ ሰፈር መኪና የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አያውቅም። ምጥ ይወሰድበታል፣ ሬሳ ይወጣበታል፣ ሙሽራ ይታጀብበታል። ስለዚህ ወሬው እንደተሰማ ሁሉም ሐሳብ ሊሰጥ መጣ። የዕድራችን ሊቀመንበር ሜትር ይዘው መጥተው የድንኳኑ ብረት ሲንግል ካፑ ላይ እንደሚበቃ፣ ደብል ካፑ ላይ ግን እንደሚተርፍ አስረዱኝ። የመዘምራኑ ኅብረት ሰው የሚጭነውን መረጠ። አንዲት ጎረቤቴ ልጇን ልትድርበት ፈልጋ ቀለሙ ነጭ ይሁን አለችኝ። ሁሉም የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፦ አውቶማቲክ አይሆንም። የጋራዡ ሰውዬ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እህቴ፣ ይሄ ካምቢዮ አንድ ቀን ከተቆጣ እኔ አልፈታውም። አዲስ አበባም የሚፈታው በጣት የሚቆጠር ነው» አለኝ። ደላላው ደግሞ ሊያባብለኝ ብሎ «ለነገሩ የሴት መኪና ነው፣ ለአንቺ ቀላል ይሆንልሻል» አለ። ይህን ሲለኝ ደሜ ፈላ። እኔ ማንዋል የተማርኩት ከአባቴ ነው፤ በኳስ ሜዳ ላይ ፍሪሲዮን ቀስ ብዬ መልቀቅ እስክችል ድረስ አስለቅሶኛል። የሴት መኪና ነዳች መባልን እንደ ስድብ ነበር የማየው።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ወደ ጊንጪው መኪና ይመራ ነበር። ለንግዴም የሚሻለው እሱ ነው፤ ብዙ ኩንታል ይጭናል፣ የትም ይጠገናል፣ ስሸጠውም ገዢ አላጣም። እኔ ግን የፕሮጀክቱን መኪና ፔዳሎች ጎንበስ ብዬ ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። ሁለት ናቸው። ሁለቱም የቀኝ እግር ሥራ ናቸው። አባቴ በዚህ መኪና ሊነዳ ይችላል።

ለባሌ ብቻ ነገርኩት። ባሌ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው፤ ሳያስብ አይናገርም፣ ሲያስብ ደግሞ ራት ይቀዘቅዛል።

«ስለ መኪናው አይደለም የምፈራው» አለ በመጨረሻ። «ይሄን ሁሉ ችለሽ ገዝተሽው፣ አባትሽ አልነዳም ቢሉስ?»

«ይነዳል።»

«ጠይቂያቸዋ።»

«ብጠይቀው ለእሱ ብዬ እንደሆነ ይገባዋል። ከገባው ደግሞ አጠገቡም አይደርስ። አታውቀውም እንዴ?»

«ከማን እንደወጣሽማ አውቃለሁ» አለና ወደ ምግቡ ተመለሰ።

አባቴን ይዘን ሁለቱንም ልናይ ሄድን። ከጊንጪው ጀመርን። ባለወፍጮው ነዳ፣ አባቴ ከጎኑ ሆኖ አዳመጠ። ሲመለሱ ሳይወርድ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ በሩን ቸብ ቸብ አደረገና «ልጆች እንዴት ናቸው?» አለ። ባለወፍጮው ዝናውን ሰምቶ ኖሮ ፊቱ በደስታ በራ። እኔ ዋጋውን እንኳ አልጠየቅሁም።

በማግስቱ የፕሮጀክቱን መኪና ራሴ ነዳሁት። የጥበቃው ሰው ዶሮዋን ከነእንቁላሏ ወደ ሣጥን ካዛወረልን በኋላ አባቴን ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ጉደር መንገድ ወጣሁ። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ያደርግና በራሱ ጊዜ ማርሽ ይቀይራል። ማርሽ በቀየረ ቁጥር የአባቴ ጉልበት ብድግ አለ። ግራ እጁም ወደ ካምቢዮው ትንሽ ተዘርግቶ ሥራ እንደሌለው ሲያውቅ ተመልሶ ጭኑ ላይ ያርፋል። መንገድ ዳር አቆምኩና «አባዬ፣ ፔዳሉን አየኸው?» አልኩት፤ ድምፄን ተራ ለማስመሰል እየሞከርኩ። አጎነበሰ። ረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር አልረሳውም፤ የረሃብተኛ ፊት ነበር። ከዚያ ቀና አለና «እንመለስ» አለ።

ግቢው ስንደርስ የፕሮጀክቱ ንብረት ክፍል ሰውዬ እየጠበቀን ነበር። አባቴ ክራንቹን ተደግፎ ወረደ፤ መኪናውን ዞር ብሎ ሳያይ «እስኪ ጸልዪበት፣ ልጄ» አለኝ።

ወደ ቤት በባጃጅ ስንመለስ አልቻልኩም። «ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ምኑም አልተበላሸ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው።»

«ታዲያ?»

«ማን ይጠግንልሻል? የምትጭኚውስ? ነጋዴ ነሽ፣ ሶፋ ምን ያደርግልሻል?»

ባለባጃጁ በመስታወት እያየን «እናቴ፣ ማንዋል ነው የሚያዋጣው» አለ።

«አንተ መንገድህን እይ!» ብዬ ጮህኩበት።

አባቴ በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» አለኝ። ልጄ ማለት ነው፤ እንዲህ የሚለኝ ነገሩ ከባድ ሲሆን ብቻ ነው። «ለእኔ ብለሽ መኪና አትግዢ። እኔ መንዳት ጨርሻለሁ።»

«ማን ለአንተ አለ?» አልኩት። ውሸቴን እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ባለባጃጁም ያወቀ ይመስለኛል።

ጸልዪበት ብሎኝ የለ? እኔም ጸለይኩበት። የምሬን ነው፤ በር ዘግቼ ተንበርክኬ ጸለይኩ። ጠዋት ቁርስ ላይ «ጸለይኩ ብልህ እንዳትስቅ፣ አባዬ። ጸልዪ ባልከኝ መሠረት ጸለይኩ፣ ልቤ ውስጥ ግዢው ነው ያለኝ» አልኩት። አባቴ ዳቦውን እንደያዘ ቀረ። ያን ሁሉ ዓመት ስንቱን ገዢ በዚያች ቃል ሲያሰናብት ኖሮ፣ መልስ ይዞ የመጣ ሰው ያየው የመጀመሪያ ጊዜ መሆን አለበት። ከእኔ ጋር ይከራከራል፤ ከእግዚአብሔር ጋር መከራከር ግን አልፈለገም። «እንግዲህ ካለሽ አለሽ» ብሎ ዳቦውን ጎረሰ።

ገዛሁት። ከዚያ በኋላ የመጡት ወራት በሕይወቴ ከሁሉ በላይ ያፈርኩባቸው ወራት ናቸው። አባቴ ገበያ ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል፤ ገበሬዎቹን ያውቃቸዋል፣ ጨዋታቸውን ይወዳል። ሁልጊዜ ግን የሚገባው በቀኝ በር ነው። ቁልፉን ሆን ብዬ እሱ አጠገብ እረሳለሁ፤ «ቁልፍሽን ረስተሻል» ይለኛል። እጄን አሞኛል ስል «እንግዲያው ባልሽ ይንዳ» ይላል። አንድ ጊዜ ግልጹን «አባዬ፣ እስኪ አንድ ዙር ሞክረው» ስለው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ስለ ዝናቡ አወራኝ። የደንዲ ገበሬዎች ጋቢናው ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው ከወለሉ ላይ የጎደለውን ይፈልጋሉ፣ ይስቃሉ። ጤፉ መጫኛው ላይ አልበቃ እያለ የተረፈውን በሰው መኪና እልካለሁ። የዕድራችን ሊቀመንበር የድንኳኑን ብረት ባሰሩ ቁጥር ተርፎ የወጣውን ጫፍ በጣታቸው እያሳዩኝ ያልፋሉ።

ባሌ አንድም ቀን «ብዬሽ ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር። አባቴ ካልነዳው ያ መኪና ስሕተት ነው። ሌላ ምንም ምክንያት የለውም። ልሸጠው ወሰንኩ፤ ለደላላውም ነገርኩት።

ገዢ እየጠበቅሁ ሳለ ነው የጊንጪው ገበያ ቀን የመጣው። መኪናውን ከአስፋልቱ ዳር አቁሜ ጤፍ ልገዛ ወደ ገበያው ገባሁ፤ አባቴ ጋቢናው ውስጥ ሬዲዮ እያዳመጠ ቀረ። ያችን ሬዲዮ ብቻ ከመኪናው ሁሉ ለይቶ ወዶ ነበር። ጤፉን ተስማምቼ ልጭን ስመጣ ባትሪው ሞቷል። ቁልፉን ባዞር ጭጭ። «አባዬ፣ ሬዲዮውን ጨርሰህ አዳመጥከው?» አልኩት። «ጥሩ ስብከት ነበር» አለኝ። እየተቆጣሁ ቁልፉን እንደተሰካ ትቼ ከሚኒባሶቹ መናኸሪያ ባትሪ ለባትሪ የሚያገናኝ ገመድ ያለው ሰው ልፈልግ ሄድኩ።

ገመድ ያለው አንድ የሚኒባስ ሾፌር አግኝቼ ይዤው ስመለስ መኪናዬ ካቆምኩበት የለም። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። «ዲባ! ዲባ!» ይላሉ፤ ግፉ፣ ግፉ ማለት ነው። የገበያው ወዛደሮችና ገበሬዎች ከኋላም ከጎንም ተደርድረው ፒካፔን በአስፋልቱ ዳር እየገፉት ነው። መሪውን የያዘው አባቴ ነው።

አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ባትሪው የሞተ መኪና ይገፋል። መኪና ቆሞ ያየ ሰው ጋቢውን ጠቅልሎ ሳይጠየቅ ይመጣል፤ ሲገፋ ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሲያደርግ ሞተሩ ይነሣል፣ ተመሰጋግኖ ይለያያል። አውቶማቲክ ግን እንዲህ አይነሣም። እስከ አዲስ አበባ ቢገፉት አይነሣም። ሰዎቹ ይህን አላወቁም፤ «አባባ፣ በሁለተኛ ያስገቡት! ፍሪሲዮኑን ይልቀቁት!» እያሉ ይጮሃሉ። አባቴም በቁም ነገር አንገቱን እየነቀነቀ «ገና ነው፣ ትንሽ ፍጥነት ጨምሩ!» ይላቸዋል።

የሚኒባሱ ሾፌር ቆም አለ። «እቴቴ፣ ይሄ አውቶማቲክ አይደል እንዴ?»

«ነው።»

«አባባ አያውቁም?»

«ከሁላችንም በላይ ያውቃል» አልኩት።

ገበያው ጫፍ ሲደርሱ መሪውን ጠምዝዞ አዞረው። ሞተሩ ስላልተነሣ መሪው እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ በሁለት እጁ ሲታገለው ከሩቅ ታየኝ። ላባቸው የሚንጠባጠብ ሰዎች ወደ እኔ አቅጣጫ መልሰው ገፉት። እፍረትና ንዴት አንድ ላይ ያዘኝ፤ ሮጬ ደረስኩና «አባዬ! ሰዎቹን ምን እያደረግካቸው ነው?» አልኩ። ፍሬኑን ረግጦ አቆመ። ፊቱ ላብ በላብ ሆኗል፤ ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ አልለየሁም።

ከሁሉም ግዙፉ ወዛደር ምን እንደተፈጠረ ለማየት በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። ወለሉን አየ። «አባባ፣ ፍሪሲዮኑስ?»

«የለውም» አለ አባቴ።

«የለውም? እንግዲያ... በግፊት አይነሣማ!»

«አይነሣም።»

«ታዲያ ለምን አስገፉን?»

ሰዎቹ ተሰበሰቡ። ከኋላ የቀሩት «ምንድን ነው? ምንድን ነው?» ይላሉ። አባቴ እጁን ከመሪው ላይ ሳያነሣ መለሰ። «እኔ ሾፌር ነኝ። እግሬን ከተቆረጥኩ ወዲህ መሪ ይዤ አላውቅም። ሰው ፊት ይዤ ባልችለው ብዬ ፈርቼ ነበር። ሞተሩ ሲሞት ጊዜ፣ ባጠፋም የመኪናው ጥፋት ነው ብዬ ወደዚህኛው ወንበር ተሻገርኩ። ስትገፉኝ ደስ አለኝ። ቁሙ ልላችሁ ነበር፣ አቃተኝ። ይቅር በሉኝ።»

ያን ሁሉ ወር ኩራት ነው ያልኩት ነገር ፍርሃት እንደነበረ ያኔ ገባኝ። አባቴ መኪና ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ወዛደሩ ታጥፎ የተያዘውን ሱሪ አየ። አንድ ሰው ቢስቅ ኖሮ እደበድበው ነበር። ማንም አልሳቀም። ወዛደሩ አንገቱን አወጣና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በኦሮምኛ ጮኸ፤ «አንድ ዙር እንጨምርላቸው!» እያለ ነው። ፒካፑ እንደገና ተንቀሳቀሰ። የሚኒባሱ ሾፌር ገመዱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሄዶ ተደረበ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ከኋላ ገፋሁ፤ የማይነሣ መኪና እየገፋሁ አለቀስኩ። ገበያተኛው ቆሞ ያየናል፤ ሰው ምን ይላል አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ገመዱ የተያያዘው። ሞተሩ ተነሣ። ሳናጠፋው ጤፉን ጫንን፤ ለገፊዎቹ ለስላሳ አዘዝኩ፤ አባቴ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» እያለ እያመሰገነ በመስኮቱ የእያንዳንዱን እጅ ጨበጠ። ከወንበሩ ግን አልወረደም። እኔም ምንም አልጠየቅሁትም፤ ዞሬ በቀኝ በር ገባሁ።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው የነዳው፤ ጋሪ እንኳ ቀድሞናል። ፍሬን በነካ ቁጥር እኔም ሳላስበው ወለሉን በእግሬ እረግጣለሁ። «አንቺ ምን ትረግጫለሽ? የምነዳው እኔ ነኝ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱን በቁልፉ ዝቅ አደረገ፣ ከፍ አደረገ፣ እንደገና ዝቅ አደረገ፤ ክርኑን አወጣ። ልጅ ሳለሁ የመሥሪያ ቤቱን መኪና ይዞ ሲመጣ ከሩቅ የማውቀው በዚያ ክርን ነበር። ስለ ካምቢዮው ጠየቅሁት። «ሰነፍ ነው፣ ግን አይዋሽም» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናው ክፉ ሲናገር አልሰማሁትም፤ እኔም ለደላላው ደውዬ አይሸጥም አልኩት።

አምቦ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ባጃጆቹ መሀል እየተሹለከለከ ከተማውን አቋርጦ ወደ ሰፈራችን ደረሰ። ባሌ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። መጀመሪያ መኪናውን አየ፤ ቀጥሎ መሪው ላይ ማን እንዳለ አየ፤ እጁን ሊያነሣ ጀምሮ ግማሽ ላይ ተወው። አባቴ ክላክስ አደረገለትና ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ።

«አባዬ፣ ቤታችንን አለፍነው» አልኩት።

«አይቼዋለሁ» አለና በጉደር መንገድ ነዳጁን ረገጠው።